የጉሎ ሐር በጠላፊ እጅ

አንድ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ተጠልፎ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ እጅ ያልፍበታል። ጥጡ ተዳምጦ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ለድርና ለማግ ተለይቶ ከሸማኔው ዘንድ ይገባል። ጠላፊዋ ጨርቁን የምትረከበው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ስለዚህ መርፌዋን ስታነሣ በጭኗ ላይ ያለው ጨርቅ የሌሎች ሰዎች የወራት ድካም ነው ማለት ይቻላል። ቀለሙ ያልጸና አንድ ዘለላ ክር በደረቱ ጥልፍ ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያው እጥበት ቢለቅ፣ የሚበላሸው የጠላፊዋ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የፈታይዋና የሸማኔውም ድካም አብሮ ይጠፋል። በነጭ ጥጥ ላይ የፈሰሰ ቀይ ቀለም በቀላሉ አይወጣምና። አዲስ ክር ሁሉ ከቀሚሱ በፊት በቁራጭ ጨርቅ ላይ መሞከር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከሸማኔው መንደር ርቆ ለሚሠራ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የምትገኘውን መፋዛን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። መፋዛ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ ዐሥርት ዓመታት ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች ከሠፈሩባቸው የገዳሪፍ አካባቢ ቦታዎች አንዷ ነበረች። አገሩ ቆላ ነው። አፈሩ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት እግር የሚይዝ መረሬ ሲሆን ማሽላና ሰሊጥ በሰፊው ይበቅልበታል። ከክረምቱ ዝናብ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ለሠርግ የሚጠለፍ ነጭ ሸማ ከጎንደር ተነሥቶ በመተማና በገላባት በኩል ድንበር አቋርጦ እንዲህ ካለ ቦታ ከደረሰ፣ ቢበላሽ በቶሎ የሚተካው አይገኝም። እዚያ የምትሠራ ጠላፊ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ አዲስ የሐር ክር ቢያመጣላት ምን ልታደርግ ይገባታል? ክሩን በዐይኗ ብቻ አይታ ወደ መርፌዋ ብታስገባው አደጋ አለው፤ ስላላወቀችው ብቻ ብትተወው ደግሞ ጥሩ ክር ያመልጣታል። መልሱን ለማግኘት ክሩ ከየት እንደ መጣና ከምን እንደ ተሠራ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

በጥልፍ ሥራ ዘንድ በጣም የታወቀው ክር በተለምዶ ዲ.ኤም.ሲ. የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1746 ዛሬ በፈረንሳይ አገር በምትገኘው በሙሉዝ ከተማ ከተመሠረተ ድርጅት ነው። ዲ.ኤም.ሲ. ሐር አይደለም፤ ጥጥ ነው። የሚያብለጨልጨው ጥጡ ተወጥሮ በጠንካራ የሶዳ ውሃ ውስጥ ስለሚነከር ነው። ይህን የሶዳ ንክር እ.ኤ.አ. በ1844 ያገኘው ጆን መርሰር የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ጥጡን እየወጠሩ መንከር ብልጭታ እንደሚሰጠው የታወቀው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ በየገበያው «ሐር» እየተባለ የሚሸጥ፣ ከሰው ሠራሽ ጭረት የተፈተለ የሚያብለጨልጭ ክር አለ። ስሙ ሰውን ያሳስታል። በግዕዝ «ሐሪር»፣ በሱዳን ገበያ በዐረብኛም «ሐሪር» የሚባለው እውነተኛው ሐር ከትል የሚገኝ ብቻ ነው።

ሐር ራሱ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም የአክሱም መንግሥት ስም በዓለም የሐር ንግድ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ወደ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ነበር። የፈለገው አክሱማውያን ሐሩን ከህንዶች እየገዙ ለሮማውያን እንዲሸጡ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሮማውያን ገንዘብ ለሐር ሲባል ወደ ጠላቶቻቸው ወደ ፋርሶች ይፈስ ነበርና። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደ ተረከው ሐሳቡ አልሠመረም። የፋርስ ነጋዴዎች ለህንድ የሚቀርቡ ስለ ሆኑ መርከቦቹ በሚያርፉባቸው ወደቦች ቀድመው እየተገኙ ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ መነኮሳት የሐር ትል እንቁላል ወደ ቁስጥንጥንያ አመጡ፤ ሐር ማምረትም በዚያ ተጀመረ። ካሌብ ግን ሐሩን ቢያገኝ ኖሮ እንኳ የሚያገኘው ክሩን እንጂ ትሉን አልነበረም።

ከዚያም በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ነገሩ እንዲሁ ቀጠለ። ሐር በባሕር እየመጣ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። የአንገት ማተብ ይሠራበታል፤ የመኳንንት ካባ ይጠለፍበታል። ባለቀለም ክር ሲጠፋ ደግሞ ከውጭ የገባ ቀለማም ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥለት ይውል ነበር። የኢትዮጵያ ባለሙያ በዚህ ከሩቅ በመጣ ክር ምን ያህል መሥራት እንደሚችል የሚያሳዩ ሁለት ሥራዎች ዛሬም አሉ። እነርሱም በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር እንደ ተሠሩ የሚገመቱ ትላልቅ የሐር መጋረጃዎች ናቸው። የተሠሩት አራት ማዕዘን ትናንሽ ገበታዎችን ክር አስገብቶ በማዞር በሚከናወን የሽመና ስልት ሲሆን፣ በዚህ ስልት ከተሠሩት የዓለም ጨርቆች መካከል ከታላላቆቹ ይቆጠራሉ። የአንደኛው ርዝመት ከ5 ሜትር በላይ ነው። ሁለቱም የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተ በኋላ ከአገር ወጥተው አንዱ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በካናዳ በቶሮንቶ ሙዚየም ይገኛል። ሥራው የጎንደር፣ ክሩ ግን የሩቅ አገር ነበር።

አዲስ የሆነው እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢትዮጵያ ቅጠል ያደገ ሐር ነው። ይህንን ሐር የሚሰጠው ትል በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በአሳም ከጥንት ጀምሮ ሲረባ የኖረውና ኤሪ የሚባለው ነው። «ኤራ» በአሳም ቋንቋ የጉሎ ስም ነው፤ ትሉም ዋና ምግቡ የጉሎ ቅጠል ስለ ሆነ በዚህ ስም ተጠራ። የጉሎ ተክል መገኛ ምሥራቅ አፍሪካ እንደ ሆነ የዕፀዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። በኢትዮጵያ በየአጥሩ ሥርና በየጉድፍ ማፍሰሻው ሳይዘሩት ይበቅላል። ከገዳሪፍ በስተሰሜን፣ በከሰላ አካባቢ የጋሽ ወንዝ በሚያጠጣው መሬት ላይም ፍሬው ለውጭ ንግድ ተብሎ የተመረተበት ጊዜ ነበር። ፍሬው መርዛም ስለ ሆነ ከብትም ሰውም ይጠነቀቀዋል፤ ቅጠሉ ግን ለኤሪ ትል ምቹ ምግብ ነው። ተክሉ ባለበት አገር ትሉ እስከ ቅርብ ጊዜ አለመኖሩ የሚያስገርም ነው።

በአዳማ አቅራቢያ የሚገኘው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በሐር ትል እርባታ ላይ ምርምር ካደረጉት ተቋማት አንዱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ሳባሃር የተባለ ድርጅት የኤሪን ሐር በእጅ እያስፈተለና እያሸመነ ለገበያ አቅርቧል። የድርጅቱ ስም «ሳባ» እና «ሐር» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። ፈትሉን የሚፈትሉት ሴቶች ጥጥ መፍተል የለመዱ መሆናቸው ሥራውን አግዟል፤ የኤሪ ሐር እንደ ጥጥ የሚፈተል ነውና።

የዚህ ምክንያት ከትሉ አኗኗር ይገኛል። በቻይና ጥንት የተጀመረው የታወቀው ሐር የሚገኘው የማልበሪ ዛፍን ቅጠል ከሚበላው ትል ነው። ይህ ትል ራሱን የሚጠቀልልበት እንክብል ጎጆ ከአንድ ያልተቋረጠ ጭረት የተሠራ ነው። ጭረቱ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 900 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል። ጎጆው በፈላ ውሃ ሲነከር ሙጫው ይለሰልስና ጭረቱ እንደ ልቃቂት ይተረተራል። ነገር ግን ትሉ ወደ እሳት እራት ተለውጦ ጎጆውን በስቶ ቢወጣ ጭረቱ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ በውስጡ እያለ በሙቀት ይገደላል። የኤሪ ትል ግን የጎጆውን አንድ ጫፍ ክፍት አድርጎ ይተወዋል፤ ጭረቱንም እያቋረጠ በድርብርብ ያነጥፈዋል። የእሳት እራቱ በተዘጋጀለት በር ይወጣል፤ ባዶው ጎጆ ለፈታይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ሳይገድሉ ሐር ማግኘት ይቻላል። በአሳም ግን በጎጆው ውስጥ ያለውን ፑፓ አውጥተው የሚመገቡ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ትሉ ሁልጊዜ ከሞት ይተርፋል ማለት አይደለም። ጎጆው በሳሙና ወይም በሶዳ ውሃ ተቀቅሎ ሙጫው ከለቀቀ በኋላ ተበጥሮ ልክ እንደ ባዘቶ በእንዝርት ይፈተላል።

እንግዲህ የመፋዛዋ ጠላፊ በእጇ ይዛ የምትመለከተው ክር እንዲህ ተሠርቶ የመጣ ነው። በመጀመሪያ የሚያስደንቃት አለማብለጭለጩ ይሆናል። የማልበሪ ሐር ጭረት ወደ ሦስት ማዕዘን የሚያደላና ለስላሳ ስለ ሆነ፣ በረዥሙም ሳይቋረጥ ስለሚሄድ ብርሃንን እንደ መስተዋት ይመልሳል። የኤሪ ክር ግን ከአጫጭር ጭረቶች የተፈተለ በመሆኑ ጫፎቻቸው በየአቅጣጫው ብቅ ይላሉ፤ ብርሃኑም ይበታተናል። ለዐይን የሚታየው ብልጭታ ሳይሆን ለዘብ ያለ ወዝ ነው። ሲዳሰስ ከጥጥ ይልቅ ወደ በግ ጠጉር ያደላል። ይህን አይቶ «ይህስ ሐር አይደለም» ማለት ችኮላ ነው።

ሐር መሆን አለመሆኑን እሳት ይለያል። የክሩ አንድ ጣት ያህል ቁራጭ በወረንጦ ተይዞ ከኩራዝ ነበልባል ሲጠጋ፣ እውነተኛ ሐር ከሆነ እየተኮማተረ በዝግታ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ከነበልባሉ ሲርቅ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይጠፋል፤ የሚቀረውም በጣት ሲታሽ የሚደቅ ጥቁር ነገር ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ስስ አመድ ይሆናል። እንደ ፖሊስተር ያለው ሰው ሠራሽ ክር ደግሞ ቀልጦ ይንጠባጠብና ሲቀዘቅዝ በጣት የማይሰበር እንክብል ይተዋል። ሐር እንደ ጠጉር የሚሸትበት ምክንያት እንደ ጠጉር ሁሉ ፕሮቲን በመሆኑ ነው። ይህንን ማስታወስ ይገባል፤ በኋላ ስለ አጣጠብ ሲነገር ይጠቅማልና።

ከዚህ በኋላ የሚመረመረው የክሩ አከራረር ነው። አንድ ጭረት ብቻውን ደካማ ነው፤ ብዙ ጭረት አብሮ ሲከር ግን ይጠነክራል። ጠላፊዋ አንድ ክንድ ያህል ክር ቆርጣ በሁለት እጇ ጫፍና ጫፉን ትይዝና ከአከራረሩ በተቃራኒ ቀስ እያለች ታዞረዋለች። ክሩ ሁለት ነጠላዎች ተጣምረው የከረሩ ከሆነ ይለያያሉ። ነጠላ ብቻ ከሆነ ጥቂት ሲፈታ ይሳሳና ይበጠሳል። ለጥልፍ የሚሻለው ድርቡ ነው፤ ምክንያቱም ክሩ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ በየጊዜው ከርረቱ ይላላል። በጣም የከረረ ክር ደግሞ ስትሠራበት እየተጥመለመለ ቋጠሮ ይፈጥራል። እንዲህ ሲሆን መርፌውን ለቅቆ ክሩን ወደ ታች ማንጠልጠል ብቻ ይበቃል፤ ራሱ ዞሮ ይፈታል። በእጅ የተፈተለ ክር ውፍረቱ በሁሉም ቦታ እኩል እንደማይሆንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ወፈር ያለው ቦታ ከመርፌው ዐይን ጋር ሲጋጭ ጭረቱ ስለሚላጭ፣ መርፌው ለዲ.ኤም.ሲ. ከሚያስፈልገው ይልቅ ሰፊ ዐይን ያለው ሊሆን ይገባል።

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በውሃ ምክንያት ስለ ሆነ የውሃው ሙከራ ከሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ ቁራጭ ክር ተወስዶ በሚጠለፈው ዓይነት ነጭ ጨርቅ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰፋል። ቁራጩ ቀሚሱ ወደፊት በሚታጠብበት ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ከዚያም ሳይጨመቅ በሁለት ነጭ ጨርቆች መካከል ተደርጎ ከባድ ነገር ይጫንበትና ያድራል። ጠዋት በነጩ ጨርቅ ላይ የክሩ ጥላ ከታየ ያ ቀለም ለነጭ ቀሚስ አይሆንም። ውሃው ብቻ ቀለም ቢይዝና ጨርቁ ንጹሕ ቢሆን ግን ምናልባት በክሩ ላይ የቀረ ትርፍ ቀለም ይሆናል፤ ክሩን ውሃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቆ ሙከራውን መድገም ይቻላል። ጨው በውሃ ላይ በትኖ ክሩን ቢነክሩት ቀለሙ ይጸናል የሚለው ልማድ በብዙ ቤት አለ። ነገር ግን ሲነከር ያልጸና ቀለም በቀዝቃዛ የጨው ውሃ አይጸናም። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ከሌሎቹ ይልቅ ተጠርጥረው መመርመር አለባቸው።

እርጥብ ክር መጎተትም የሙከራው ክፍል ነው። ጥጥ ሲርስ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ሐር ግን ሲርስ ከጥንካሬው ከፊሉን ያጣል። ስለዚህ ደረቁን ክር ጎትቶ «ብርቱ ነው» ብሎ መፍረድ አይበቃም። ሐርና ጥጥ በአንድ ልብስ ላይ ሲገናኙ ሌላም ችግር ይመጣል። በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ክሩ ግን በዚያው ልክ ላይሰበሰብ ይችላል። ጥልፉ ካለቀ በኋላ ጨርቁ ቢሰበሰብ ሥራው ይጨማደዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሸማው ከመጠለፉ በፊት ታጥቦ፣ ደርቆና ተተኩሶ መዘጋጀት አለበት።

መርፌው ሥራ ሲጀምር የክሩ ጠባይ ይበልጥ ይገለጣል። ከአንድ ክንድ የረዘመ ክር ማስገባት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል እንጂ አይቆጥብም፤ በጨርቁ ውስጥ ብዙ በተመላለሰ ቁጥር ጫፉ ይሳሳል፣ ይጠጉራል። በመስቀል ስፌትና በሰንሰለት ስፌት የኤሪ ሐር በጣም ያምራል። ክሩ ጠጉራም ስለ ሆነ ከታሰበው በላይ ይሞላል፤ ዲ.ኤም.ሲ. ሦስት ነጠላ በሚፈልግበት ቦታ አንድ የኤሪ ክር የሚበቃበት ጊዜ አለ። እንደ ወንፊት ቀዳዳ ባለው ሸራ ላይ ለትራስ ወይም ለመቀመጫ ልብስ በሚሠራው ጥልፍም ቀዳዳውን ደህና አድርጎ ይሸፍናል። ሆኖም የሸራው ክር ሻካራ ስለ ሆነ ሐሩን ይፈትገዋል፤ ስለዚህ በሸራ ሥራ ላይ ክሩ ከክንድም ማጠር አለበት፤ መርፌውም ጫፈ ዱልዱም ቢሆን ይመረጣል።

የማይሆንለት ሥራም አለ። ቅጠልን ወይም የአበባ ከንፈርን ለመሙላት ረጃጅም ስፌቶች ጎን ለጎን ተጠጋግተው በሚተኙበት ጊዜ ውበቱ የሚመጣው ከክሩ ብልጭታ ነው። የኤሪ ሐር በዚህ ሥራ ደብዛዛ ይሆናል፤ ውፍረቱም እኩል ስላልሆነ የቅጠሉ ጠርዝ ይወላገዳል። በዚህ ቦታ የማልበሪ ሐር፣ እርሱ ካልተገኘም ዲ.ኤም.ሲ. ይሻላል። ሁለቱን አዋሕዶ መሥራትም ይቻላል። መስቀሉን በኤሪ፣ የመስቀሉን ዙሪያ በሚያብለጨልጨው ክር ብትጠልፈው አንዱ የሌላውን ጠባይ አጉልቶ ያሳያል። የእጅ ነገር መረሳት የለበትም። በበጋ አየር የደረቀና በሥራ የሻከረ ጣት የሐርን ጭረት ይመዛል። ቅባት መቀባት ደግሞ በነጩ ጨርቅ ላይ እድፍ ይተዋል፤ ስለዚህ እጁ ከሥራው ብዙ ቀደም ብሎ ለስልሶ፣ በሥራው ሰዓት ታጥቦና ደርቆ መገኘት አለበት።

ቀሚሱ ከጠላፊዋ እጅ ከወጣ በኋላ የሚደርስበትን እርሷ አታየውም፤ ሆኖም አስቀድማ ልታስበው ይገባል። ነጭ ልብስ ሲያድፍ በብዙ ቤት ወዲያው የሚፈለገው በረኪና ነው። በረኪና ጥጥን ያነጣል፤ ሐርን ግን ይበላዋል። ፕሮቲን የሆነ ነገር ሁሉ በበረኪና ይጎዳልና ጥልፉ መጀመሪያ ይቢጫል፣ ቀጥሎም ይበጣጠሳል። ኃይለኛ የዱቄት ሳሙናና የአመድ ውሃም በዝግታ ይህንኑ ያደርሳሉ። ለሐር የሚስማማው ለዘብ ያለ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ነው። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ጥቂት አቼቶ ቢጨመር የሳሙናው ቅሪት ወጥቶ ወዙ ይመለሳል። በኢትዮጵያ ሸማ ሲታጠብበት የኖረው እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በተባለ ንጥረ ነገር ስለ ሆነ፣ ከጠንካራው ሳሙናና ከበረኪናው ይልቅ ለሐር የሚራራ ነው።

ፀሐይም ሌላ ጠላት ናት። ሐር በብርቱ ፀሐይ ብዙ ጊዜ ከተሰጣ ይቢጫል፤ ጥንካሬውንም ያጣል። በመፋዛ ዓይነት ቆላ ልብስ በጥላ ሥር ቢሰጣም በጥቂት ሰዓት ይደርቃልና በፀሐይ የሚያሰጣ ምክንያት የለም። ሲተኮስ ደግሞ ጥልፉ ወደ ታች ተገልብጦ ወፍራም ፎጣ ላይ ይደረጋል፤ የከሰል ካውያው መጀመሪያ በሌላ ጨርቅ ላይ ተሞክሮ ሙቀቱ ከበረደ በኋላ በጀርባው በኩል ያልፍበታል። ይህንን ሁሉ የማያውቅ ገዥ ልብሱን በአንድ ሳምንት ሊያበላሸው ስለሚችል፣ ቀሚሱን የምታስረክብ ጠላፊ የአጣጠቡን ነገር አብራ መንገር አለባት። ገዥው «በረኪና ካልነካሁት አይነጣልኝም» የሚል ከሆነ ጥልፉን በጥጥ ክር መሥራቱ ለሁለቱም ይሻላል።

ሙከራው ጥሩ ውጤት ካሳየ የሚቀረው ጥያቄ የመጠን ነው። በአንድ ድስት የተነከረ ክር ከሚቀጥለው ንክር ጋር ቀለሙ ፈጽሞ አንድ አይሆንም። የዛሬው ቀይና የመጪው ወር ቀይ በልቃቂት ተለያይተው ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በአንድ ደረት ላይ ጎን ለጎን ሲጠለፉ ግን ልዩነታቸው ከሩቅ ይታያል። ክሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ድንበር ተሻግሮ በሚመጣበት ቦታ፣ ግማሽ ጥልፍ ላይ ሳለ ክር ማለቁ ሥራውን ለወራት ሊያስቆመው ይችላል። ስለዚህ ጠላፊዋ አንድ ክንድ ክር ስንት የመስቀል ስፌት እንደሚሠራ በቁራጩ ጨርቅ ላይ ትቆጥራለች፤ በንድፉ ላይ ያሉትን ስፌቶች በዚያ ታካፍላለች፤ ለሚበላሽና ለሚፈታ ጥቂት ጨምራ ሁሉንም ከአንድ ንክር ታዝዛለች።

ቁራጩ ጨርቅ ከዚያ በኋላ አይጣልም። በአንድ ጠርዙ የታጠበ፣ በሌላው ያልታጠበ፣ በሦስተኛው አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ የዋለ ስፌት ይዞ ክሩ ከተጠቀለለበት ወረቀት ጋር በአንድነት ይቀመጣል። በወረቀቱም ላይ ክሩ የተገዛበት ቀን፣ የቀለሙ ስምና የመርፌው ቁጥር ይጻፍበታል።